ባለ አንድ ቆጣሪ

ገዢው ከኮምቦልቻ በማለዳ ወጥቶ፣
የሐረጎን ጥምዝምዝ በጉም ተጎትቶ፣
ፒያሳ ደረሰ፣ ሜትሩን ኪሱ ከቶ።

እኔ ነኝ ደላላው። ሁለት በመቶዬን
በልቤ አስልቼ፣ ወልውዬ ጫማዬን፣
ከአረብ ገንዳ በታች፣ በቀጭኗ ቅያስ
መራሁት ወደ ውስጥ፣ እየረገጥን ቀስ።
«መቶ ሰማንያ ሰባት ካሬ» አልኩት ፈጥኜ፤
«ካርታው ንጹሕ ነው» አልኩ፣ ራሴ ዋስ ሆኜ።

ወይዘሮ ጦይባ ከበረንዳው ቆመው፣
ቁልፉን በመሐረብ አጥብቀው ጠቅልለው፣
ገዢውን አላዩም፤ ያዩት ሜትሩን ነው፣
እንደ ቢጫ ምላስ ሲወጣ ሲገባ
ከደጃፉ ጀምሮ እስከ ጓሮ ኮባ።

«ይሄ ይፈርሳል» አለ ግድግዳውን መትቶ፤
ጭቃው ረገፈ ከጭዱ ተፋትቶ።
«ይሄም… ያኛውም…» ጣቱ ሲዘዋወር
አምስት ፎቅ ባየር ላይ ይገነባ ነበር፤
ታች ሱቅ፣ አንደኛው ባንክ፣ ከዚያ ላይ ፔንሲዮን፣
ጣሪያው ላይ ካፌ፣ ጦሳን የሚያይ እንዲሆን።
አላሾፍኩም። ያምራል። እኔም አየሁት፣
ኪራዩን ሳይቀር በብር ገመትኩት።

ከዚያ ቀና ሲል፣ ከበሩ መቃን በላይ
ያቺን አሮጌ ቆጣሪ ስትዞር ሲያይ፣
«እኒህ ምንድናቸው?» አለ ሽቦ ቆጥሮ፤
አራት ነበሩ፤ አንዱ በቆርቆሮ፣
አንዱ በኮባው ላይ፣ አንዱ በቦይ ዞሮ፣
አንዱ ከግንቡ አልፎ ከዚያ ወዲያ ተሰውሮ።

ዝም አልኩኝ። ደላላ ዝምታ ሲያበዛ
ቤቱ ይረክሳል፤ ይሸሻል የሚገዛ።

ጦይባ መለሱ። «አንደኛው የደርሶ ነው፤
ካኪ ሱሪ ሰፍቶ ሰፈሩን ያለበሰው።
ሁለተኛው የአንሻ፤ አሮጌ ፍሪጇ
ሌሊት ሲያጓራ፣ ጅብ መጣ ይላል ልጇ።
ሦስተኛው የመምህር ውብሸት፤ አንድ አምፖል ብቻ፤
ጡረታ ወጥቶ እንኳ በቀይ እስክሪብቶ ጋዜጣ ያርማል ለብቻ።
አራተኛውን የሳበው ሟቹ ባሌ ነው፤
ለማን እንደሆነ አልነገረኝም፤ ሞት ቀደመው።
ግን ወር በገባ ቁጥር፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ከበሩ
መቶ ብር አገኛለሁ፣ ተጣጥፋ በዳሩ።
አስራ አንድ ዓመት ሆነ። አድብቼ አላየሁም፤
የሚያበራን ሰው ማነህ አልልም።»

ገዢው ሣቅ አለ፤ ክፉ ሰው አይደለም።
«ሦስት ፌዝ አስገባለሁ፤ ይቺ አትጠቅምም፤
ስንፈርም ትነቀል።» ልክ ነው። ደንቡም
አንድ ቆጣሪ ላንድ ቤት ይላል፤ ሌላ የለም።
ዋጋ ተቆረጠ። ቀብዱ ተቆጠረ።
ደርሶ ከመኪናው ቀና አላለም፤ ክሩ ተበጠሰበት፣ እንደገና ጀመረ።

ውልና ማስረጃ፣ ከወረፋው መሀል
ውሉን አነበብኩት፤ ሁሉም ተጽፏል፦
በሰሜን መንገድ። በደቡብ የይማም ወራሾች።
በምሥራቅ የቀበሌ ቤት። በምዕራብ ሱቆች።
ኮባው ተጽፏል። የውሃ ቧንቧው፣ ሽንት ቤቱ፣
የብረት መዝጊያው ከነስፋቱ ከነቁመቱ።
ሽቦዎቹ የሉም።

ወይዘሮ ጦይባ እስክሪብቶ ተቀብለው፣
አልፈረሙም ቶሎ፤ «አንድ ነገር» አሉ ዝግ ብለው፤
«ወሩ እስኪያልቅ ይብራ። ተከፍሎበታል።
የሰው ሐቅ ይዤ ብሄድ እንቅልፍ ይነሣኛል።»
ገዢው እኔን አየኝ። እኔ ግድግዳውን።
«ይሁን፣ ዘጠኝ ቀን ነው» አለ፤ ጻፉ ስማቸውን።

ማታ ሁለት በመቶዬን በኪሴ አጭቄ፣
ከሥጋ ቤቱ ኋላ፣ በግንቡ ተጣብቄ፣
ገባሁ ከክፍሌ። ማብሪያውን ተጫንኩት።

በራ።

ሟቹ ነው የሳበልኝ፣ በክረምት፣ ከግንቡ ተንጠላጥሎ፣
«ሚስቴ ደላላ አትወድም፤ እንዳትነግራት» ብሎ።
አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ያቺን መቶ ብር
ጫማዬን አውልቄ ሳኖር ከበር ሥር…

ብሩን ቆጠርኩ። ሞልቷል። አንድም አልጎደለም።
ከመሀሉ መቶዋን ነጥዬ አጠፍኳት፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም።
ውጭ ጉሙ ወርዷል። የአንሻ ፍሪጅ ያጓራል።
ዘጠኝ ቀን ይቀራል።
ሳላጠፋው ተኛሁ።